ነጥብ ያለባቸው ስሞች

ስፌት አይሆንለትም ነበር፤ ይህን ራሱም አይክድም። ሱሪ ከሰፋ አንዱ እግር ከሌላው ይረዝማል፣ ሸሚዝ ከሰፋ ኮሌታው ወደ ጎን ያያል። ደንበኛው ለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል፣ ዝም ይላል፣ ይከፍላል፣ ተመልሶ ግን አይመጣም። ጽሕፈቱ ሌላ ነገር ነበር። ፊደሉ በማስመሪያ የተለካ ይመስላል። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሲቋቋም ትልልቆቹ ተያዩና «ይሄ ልጅ መርፌውን ትቶ ብዕር ይያዝልን፤ ለእሱም ለደንበኞቹም ይበጃል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ኖረ። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ የአባላቱን መዝገብ ሳይገልጥ ስለሚናገር የወጣለት ስም ቀርቶ «መዝገብ» ተባለ።

መዝገብ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከጻፈው ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ እንድትፋቅለት ይመኛል። እሷ ደግሞ በብዕር የተጻፈች አይደለችም፤ ኮምፒውተር ላይ ነው የጻፋት። ሦስት ቃል ናት። በሦስት ቃል የአርባ ዓመት ጓደኛውን አጣ።

ጓደኛው ሰፈሩ ሁሉ ባለኮቱ የሚለው ሰው ነው። ሁለቱ ስፌት የተማሩት በአንድ አለቃ ስር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነው። ባለኮቱ ጎበዝ ሰፊ ወጣው። የጎበጠ ሰው የእሱን ኮት ሲለብስ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። አለቃቸው ለምሳ ሲወጣ ባለኮቱ የመዝገብን ጠማማ ኮሌታ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል፣ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ይሰፋል፣ እዚያው ቦታው ላይ ይመልሳል። አንድ ቃል አይናገርም። አለቃቸውም ሲመለስ «እየተሻሻልክ ነው» እያለ መዝገብን ያመሰግነዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ ባለኮቱ «ኮሌታህን ያቃናሁልህ እኔ ነኝ» ሲል የሰማው ሰው የለም፤ መዝገብም ራሱ ከእሱ አፍ ሰምቶት አያውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የባለኮቱ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግማሽ ጠዋት ይፈጅበታል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሌላ ቤት ሄዱ። እሱ ግን ማሽኑን መስኮቱ ስር እንዳስቀመጠ፣ በየቀኑ ዘይት እየቀባ፣ አንዳንዴ ዚፕ እየቀየረ፣ አንዳንዴ ሱሪ እያሳጠረ «ሥራ ላይ ነኝ» ይል ነበር።

እዚህ ላይ የማኅበሩን ምሥጢር መናገር ግድ ነው። በማኅበሩ ደንብ መዋጮ ያልከፈለ አባል ስሙ በዓመታዊው ጉባኤ ፊት ይነበባል። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመዝገብ አንድ ነገር አስተምሮት ነበር። «የተቸገረ ሰው ስም አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርግ» አለው። «ስታነብ ነጥቧን ዝለላት። ለምን ዘለልክ የሚልህ ካለ ዓይኔ አላየውም በል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።» የጎደለውን ማኅበሩ ከሚያከራየው አዳራሽ ገቢ ይሞሉታል። ነጥብ ያለበት ሰው ነጥብ እንዳለበት አይነገረውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያ ወፍራም መዝገብ የስንቱን ገመና እንደያዘ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ኖረ።

የባለኮቱ ነጥብ ደግሞ የራሷ ሥርዓት ነበራት። በዓመቱ የመጀመሪያ ወር ከጨርቅ መሸጫው በላይ ወዳለችው የማኅበሩ ጠባብ ቢሮ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የታሸገ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል።

«መዋጮዬን ተቀበለኝ።»

መዝገብ ገጹን ይገልጣል፣ ጣቱን ያስኬዳል፣ ከዚያ ይጮኻል። «አንተ ሰው ምን ነካህ? ከፍለሃል እኮ!»

«እኔ? መቼ?»

«ባለፈው ወር፣ ያን ዝናብ የጣለ ቀን። ጥላህን ረስተህ የሄድክ ቀን!»

«እንዴ! ጥላዬስ?»

«ተመልሰህ ወስደሃል።»

«አይ እርጅና! ምን ዓይነት መርሳት ነው ጃል!» ይልና ፖስታውን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ከዚያ ሻይ አስመጥተው የሞቱ ደንበኞቻቸውን እያሙ ይስቃሉ። ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ መዝገብ አንድም ቀን አልጠየቀም። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አዲሷ ሊቀመንበር መጣች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ትልቅ ወርክሾፕ ያላት፣ ቀልጣፋ፣ የማኅበሩን መልካም የምትመኝ ሴት ናት፤ ማንም በክፉ አያነሳትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢያምዎት እኮ ማኅበሩ ስንት አባል እንዳለው የሚያውቅ የለም» አለችውና የማኅበር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ገዛች። አጠቃቀሙን የምታስተምር ሴት ፕሮግራሙን ከሸጠው ድርጅት ለሁለት ቀን ተላከች።

አሠልጣኟ ገና ከመቀመጧ «አባባ» አለችው። መዝገብ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩም ሸብቷል፤ አባባ መባሉ ያን ያህል ነውር አልነበረም። ግን ሊቀመንበሯ ፊት፣ ኮምፒውተር ፊት፣ ያን ቀን ጠዋት ነገሩ ቆረቆረው። «አባባ»ን ላለመምሰል ሁሉንም ቶሎ ቶሎ «ገብቶኛል» ማለት ጀመረ።

«እሺ አባባ፣ መጀመሪያ ምድቦቹን እንፍጠር። አባሎቻችሁ ስንት ዓይነት ናቸው?»

«አንድ ዓይነት። ሰው።»

ሴትየዋ ሳቀች። «በክፍያ ማለቴ ነው።»

መደበኛ አባል፣ ተባባሪ አባል፣ ሠልጣኝ፣ ጡረተኛ፣ የክብር አባል። ለእያንዳንዱ ምድብ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ በወር ይሁን በዓመት፣ ቀኑ ካለፈ ስንት ቀን እንደሚታገሡት፣ ድምፅ ይሰጥ አይስጥ፣ ሁሉም የራሱ ሳጥን አለው። መዝገብ ወደደው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ወደደው። የእድሜ ልኩን ሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ በሥርዓት ያሰበለት መሰለው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሁለት መቶ በላይ ስሞች ገብተው አለቁ፤ አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ።

«እነዚህ ነጥብ ያለባቸውስ?» አለች አሠልጣኟ፣ ወፍራሙ መዝገብ ላይ አጎንብሳ።

መዝገብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተቸገሩ ናቸው። እኛ አንጠይቃቸውም፣ እነሱም አይጠየቁም።»

«ጥሩ። የራሳቸው ምድብ ይኑራቸው። መዋጮ ዜሮ። ስሙን ይጻፉ።»

መዝገብ የስሙ ሳጥን ውስጥ አንዲት ነጥብ አስገባ። ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ፤ ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል መሆን አለበት ይላል። ሦስት ነጥብ አስገባ። አሁንም ቀይ።

«ነጥብ ስም አይሆንም አባባ።»

ጡረተኛ ውስጥ ያስገባቸው ይሆን? ጡረተኛ ድምፅ አይሰጥም፤ ባለኮቱ ደግሞ «እኔ የማርፈው መርፌዬ ያረፈ ቀን ነው» የሚል ሰው ነው። የክብር አባል ቢላቸው? ሊቀመንበሯ ከጀርባው ሆና «የክብር አባል በጉባኤ ነው የሚወሰነው ጋሼ» አለች። ሰዓቷን አየች። «ለጊዜው አንድ ነገር ይጻፉና እንለፍ፤ በኋላ ይቀየራል። እሷም መሄዷ ነው።»

ጻፈ፦ «የመክፈል አቅም የሌላቸው»።

ሐሰት የለባትም፤ ክፋቷም ይኸው ነው። አሠልጣኟ አንዲት ትንሽ ሳጥን በጣቷ አሳየችው። «እዚህ ጋ ራይት ተደርጓል፣ አዩት? ይሄ ካልተነሳ የምድቡ ስም ለአባሉም ይታያል፣ በሚላክለት መልእክት ላይም ይወጣል።» መዝገብ ያን ቀን ሁለት ጊዜ «ድገሚልኝ» ብሏታል። ሦስተኛ መድገም ከበደው። «እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» አለ። አልገባውም ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም ዓይነት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሯ ፕሮግራሙ እንዲጀምር አደረገችና ለሁሉም አባል በየስልኩ መልእክት ሄደ።

የባለኮቱ ዓይን ደክሟል፤ ስልኩ ላይ የገባውን የሚያነብለት ጥግ ላይ ያለው ክር ሻጭ ነው። ክር ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ጉድለቱ በሹክሹክታ መናገር አለመቻሉ ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ቁልፍና ዚፕ የሚመርጡ ሦስት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። እሱም ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘና አነበበው፦ «ውድ አባላችን፣ የአባልነት ምድብዎ፦ የመክፈል አቅም የሌላቸው። ዓመታዊ መዋጮዎ፦ ዜሮ። ማኅበርዎ ሁልጊዜም ከጎንዎ ነው።»

መዝገብ ይህን የሰማው በማግስቱ፣ ከራሱ ከክር ሻጩ ነው። እንደ መልካም ዜና ነበር የነገረው። «መልእክታችሁን ለባለኮቱ አነበብኩለት። እውነት ለመናገር ደስ ይላል፣ ለሰው የሚያስብ ማኅበር ነው ያላችሁ።»

መዝገብ አቋረጠው። «ምን አለ?»

«ምንም። የገዛውን ክር እንኳ ትቶት ወጣ። ይኸው፣ ስታገኘው ስጥልኝ።» ጥቁር የኮት ክር ነበር። መዝገብ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንዷ መጋረጃ ሰፊ «ዋናው አለመጠየቄ ነው፣ ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት» ብላ ስቃለች፤ አንዱ ደውሎ ጮኾ ጮኾ በመጨረሻ ራሱ ሳቀ። ሌሎቹ ዝም አሉ። መዝገብ በሩጫ ቢሮ ገብቶ የምድቡን ስም «ባለውለታ አባላት» አለው፤ ያቺን ራይትም አነሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የሸሚዙን ቁልፍ እየተከለች ነበር። በዚያ ቤት ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት፤ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጸሐፊ በመርፌ አይታመንም። ሁሉን ነገራት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«ስድስት ዓመት በዓይን የተነጋገራችሁትን ጽፈህ አደባባይ አወጣኸው።»

«ሳላውቅ ነው እኮ።»

«ሳታውቅ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እሱ በምን ይወቅ? ተነስ፣ አሁኑኑ ሂድ።»

«ነገ እሄዳለሁ» አለ።

በማግስቱም ነገ አለ። ምን ብሎ እንደሚጀምር መንገድ ላይ ሲለማመድ፣ ከባለኮቱ በር ደርሶ ሲመለስ ሁለት ቀን ሄደ። አንድ ጊዜማ ልቡ ውስጥ «ይህን ሁሉ ዓመት ስደብቅለት ኖሬ በአንዲት ስህተት! እጄ አመድ አፋሽ ነው» የሚል ቁጣ ሁሉ ተነስቶ ነበር። ዛሬ ያን ቁጣ ሲያስበው ያፍራል። የዚያኑ ቀን ማክሰኞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የሆነው ሁሉ ባልሆነ፤ ሌላው ቢቀር ማሽኑ ባልተሸጠ።

ዓርብ ጠዋት ደረጃው ላይ እግር ሰማ። ማን እንደሆነ ከእርምጃው አወቀ። ባለኮቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ኮቱን ቆልፎ ገባ። ወንበሩን አየው እንጂ አልተቀመጠበትም።

«እንደምን አደሩ» አለ።

መዝገብ ወደ ኋላው ዞረ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ነበር። ቢሮው ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ማንም የለም። በአርባ ዓመት ውስጥ ባለኮቱ «አንተ» እንጂ ሌላ ብሎት አያውቅም።

ባለኮቱ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። የዛሬው ፖስታ ወፍራም ነበር። «የስድስት ዓመት መዋጮ ነው። ይቁጠሩት።»

መዝገብ የሚያውቀውን አንድ መንገድ ሞከረ። «አንተ ሰው ምን ነካህ? ከፍለሃል እኮ! ያን ዝናብ የጣለ...»

«አልከፈልኩም» አለ ባለኮቱ በዝግታ። «ያ ፖስታ ስድስት ዓመት ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን እርስዎም ያውቁ ነበር። እንደሚያውቁም አውቅ ነበር። ሁለታችን ብቻ ስናውቀው ነውር አልነበረም። አሁን ክር ሻጩም ያውቃል።»

እዚህ ላይ መዝገብ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» ማለት ነበረበት። አፉ ያወጣው ግን ሌላ ነው። «የኮምፒውተሩ ስህተት እኮ ነው!»

ባለኮቱ ኮምፒውተሩን አየው፣ መዝገብን አየው። «ኮምፒውተር ስም ያወጣል?»

መዝገብ ፖስታውን ሳበ። ቁጭ ብሎ ገንዘቡን ቆጠረ። ፕሮግራሙ የስድስት ዓመት ክፍያ በአንድ ደረሰኝ አልወስድም ስላለ ዓመቱን እየለወጠ አንድ በአንድ አስገባ፣ አንድ በአንድ አተመ። ስድስቱ ወረቀት እስኪወጣ ባለኮቱ ቆሞ ጠበቀ፤ የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው እጁ ይዞት ነበር።

«አሁን ምድቤ ምን ይላል?»

«መደበኛ አባል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ደረሰኞቹን በአራት አጥፎ ወጣ። ክሩ መዝገብ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቶ መስጠት አልቻለም።

ቅዳሜ ሄደ፤ በመጨረሻ ሄደ። በሩን የከፈተችለት አስተማሪዋ የባለኮቱ ልጅ ናት፤ ሕፃን ሆና የማኅበሩ ቢሮ ወለል ላይ በጨርቅ ቁርጥራጭ ስትጫወት ያደገች። አስገባችው። መስኮቱ ስር ማሽኑ የለም። እግሮቹ ያረፉበት አራት ክብ ምልክት ብቻ ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል፤ ከምልክቶቹ መሐል ያለው ወለል ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጠቁራል፤ የስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ወለል ነው። ያ ወፍራም ፖስታ ከየት እንደመጣ መዝገብ ያኔ ገባው።

«ክርህን ሱቁ ረስተኸው ነበር» ብሎ አወጣ። ሊናገር ካሰበው ሁሉ የመጣለት ይኸው ብቻ ነበር።

«ይያዙት» አለ ባለኮቱ። «ማሽን ለሌለው ሰው ክር ምን ይሠራለታል?»

«ኮምፒውተሩ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስጠንቅቃኝም ነበር፤ ያልገባኝን ገብቶኛል ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅር ብያለሁ፤ ቂም አልያዝኩም። ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ።»

ልጅቱ ሻይ ቀዳችለት። በዚያ ቤት ሻይ ተቀድቶለት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ራሱ ተነስቶ ነበር የሚቀዳው፤ ስኳሩ የት እንዳለ ያውቃል። ባለኮቱ ስለ አየሩ ጠየቀው፣ ስለ ሚስቱ ጤና ጠየቀው። ሁሉን በአክብሮት ጠየቀው። መዝገብ «አንተ» የምትለዋን ቃል ሲጠብቅ ሻዩ ቀዘቀዘ።

መዝገብ ማሽኑን ለማስመለስ ሞክሯል። የገዛችውን ሴት ፈልጎ አገኛት፤ እሷ ግን ወደ ሌላ ከተማ ልካዋለች። ጓደኛውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ባለኮቱ ቆብ አንስቶ ሰላም ይለዋል። ሰው ቢያያቸው የተከባበሩ ሽማግሌዎች ይላቸዋል። መዝገብ ግን ያ ሁሉ አክብሮት በየጊዜው ያቆስለዋል። ወጣት ሳለ ኮሌታው ሲቃና የነበረው ማንም ሳያይ፣ ሳይነገርበት ነው። እሱ ለዚያ ሰው መመለስ የነበረበት ይህንኑ ነበር፤ እስከዚያች ሰኞም ድረስ መልሶ ነበር።

ዓመቱ ዞረ። በመጀመሪያው ወር ፕሮግራሙ ለየአባሉ «የመዋጮ ጊዜዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ላከ። መዝገብ ያን ወፍራም መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ለሥራ አያስፈልገውም፣ ግን አኖረው። ጥቁሩን ክር ከመሳቢያው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ደረጃው ላይ እግር በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመጣችው የባለኮቱ ልጅ ናት።

«አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። መዋጮውን ላኪልኝ ብሎኝ ነው።» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

መዝገብ አንድ በር የተከፈተለት መሰለው። መዝገቡን ገለጠ፣ በእርሳስ የተነጠበችው ነጥብ ላይ እስኪደርስ ጣቱን አስኬደ፣ እንደ ድሮው ጮኸ። «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ? ከፍሏል እኮ! ባለፈው ወር፣ ያን ዝናብ የጣለ ቀን! ጥላህንም ረስተህ ነበር በይው። እንዲያው እንዳልኩሽ ንገሪው፣ እሺ? ጥላዋን እንዳትረሺ።»

ልጅቱ አልሳቀችም፤ አዘነችለት እንጂ። ፖስታውን በአንድ ጣቷ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«እንዲህ እንደሚሉኝ ነግሮኛል።»

«ምን አለሽ?»

«'ከፍሏል ካሉሽ፣ ደረሰኙን ያሳዩኝ በያቸው' አለኝ።»

መዝገብ ክሩን ወደ መሳቢያው መለሰ፣ ፖስታውን ከፈተና ደረሰኝ አተመላት።